ትርፉ በየትኛው ተመን ይቆጠር?

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የባቡር መስመር ላይ ባለችው ሁርሶ አንድ ወጣት በስልኩ የቢትኮይን ውል ይገበያያል እንበል። ቢትኮይኑን አይገዛም፤ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረው ዲጂታል ገንዘብ፣ በዩኤስዲቲ፣ ማስያዣ አኑሮ ውል ይገባል። ማብቂያ ቀን የሌለው ይህ ውል እ.ኤ.አ. በ2016 ቢትሜክስ በተባለው የክሪፕቶ ገበያ ከተጀመረ ወዲህ ከክሪፕቶ ግብይት ሰፊውን ድርሻ ይዟል። ውሉ ሳይዘጋ በስልኩ ላይ የሚታየው ትርፍ ገና ገቢ አይባልም። ማስያዣው ተሟጦ ገበያው ራሱ ውሉን ቢዘጋበት ግን ኪሳራው የዚያን ቀን ሆኗል።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ይህ ግን የግብርን ጥያቄ አይዘጋውም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአገር ውስጥ ነዋሪ የሆነን ሰው ገቢው ከየትም ይምጣ ግብር ይጠይቀዋል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ ብዙው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ወጣታችን በግንቦት 2016 ዓ.ም. 1,000 ዩኤስዲቲ በእያንዳንዱ 110 ብር ከግለሰብ ገዛ እንበል፤ የባንኩ ዶላር ያኔ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጁ ውሎቹን ዘግቶ ያንኑ 1,000 ዩኤስዲቲ አገኘ፤ በዶላር አላተረፈም፣ አልከሰረም። በኪሱ ሲሰላ 110,000 ብር አውጥቶ፣ በ100 ብር ቢመነዝረው 100,000 ብር ይዟል፤ 10,000 ብር ጎድሎበታል። ሁለቱንም ቀን በባንክ ተመን ያሰላ ሰው ግን 57,000 ብር 100,000 ሆኗል ብሎ 43,000 ብር ትርፍ ይጽፍበታል። የገዛበትን ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው በምን ይከራከራል? ስለዚህ ቀኑን፣ የከፈለውን ብር፣ የዕለቱን የባንክ ተመን፣ የገበያውን ኮሚሽንና በየጥቂት ሰዓቱ ለተቃራኒው ወገን የሚከፈለውን የፈንዲንግ ሒሳብ ያኔውኑ ይጻፍ። የግብይት ታሪኩንም አካውንቱ ሳይዘጋ ያውርድ።

ሌላው ችግር የትርፍና የኪሳራ መቀናነስ ነው። አዋጁ ሲወጣ ክሪፕቶን በስም አላነሳም፤ በሌሎች ሰንጠረዦች ያልተያዘ ገቢ ግን በሰንጠረዥ «መ» ከጠቅላላው 15 በመቶ ይከፈልበታል ይል ነበር። በአንድ ውል 60,000 ብር አትርፎ በሌላው 50,000 የከሰረ ሰው በእጁ የቀረው 10,000 ነው። ከትርፉ ብቻ ቢታሰብ 9,000 ብር ይከፍላል፤ ኪሳራው ቢቀነስለት 1,500 ብር። በንግድ ገቢ ሰንጠረዥ «ሐ» ወጪ ይቀነሳል፣ ኪሳራም ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሸጋገራል፤ ነገር ግን ይህን ሥራ ንግድ ነው ብሎ በሕጋዊ መንገድ ማስመዝገብ ዛሬ ቀላል አይደለም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ከመክፈል በፊት አዲሱን ማየት ይገባል።

እኔ ኪሳራ መቀናነስ አለበት ባይ ነኝ፤ በእንዲህ ዓይነት ውል ትርፍና ኪሳራ አብረው ይመጣሉና። ህንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በክሪፕቶ ትርፍ ላይ 30 በመቶ ትጥላለች፤ የአንዱን ኪሳራ ከሌላው ትርፍ መቀነስ አትፈቅድም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በተላለፈው ንብረት ዋጋ ላይ 3 በመቶ ጣለች፤ የከሰረውም ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ያንን ሰርዛ በምትኩ ገበያዎቹ በሚያስከፍሉት ኮሚሽን ላይ 10 በመቶ ኤክሳይዝ ጣለች።