ስለ ሚቶኮንድሪያ ቅርጽና ጉዞ



የሰውነታችን ሕዋስ ወይም ሴል የሚሠራበትን ኃይል የሚያዘጋጀው ሚቶኮንድሪያ የሚባለው ረቂቅ ክፍል ነው። የምንበላውን ምግብ ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን ጋር አቃጥሎ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ስንቅ ይሠራል። ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ቤንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. ስም ሲያወጣለት ‹‹ክር›› እና ‹‹ፍሬ›› የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጠመ። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ያየነው ሥዕል ግን ባቄላ የመሰለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ነበረ። ስሙ ከሥዕሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ሚቶኮንድሪያ አንድ ጊዜ እንደ ክር ይረዝማል፤ አንድ ጊዜ እንደ ፍሬ ይበታተናል፤ ደግሞም ይጓዛል። ይህን የሚያደርጉት ኤንዛይሞች ናቸው።

ኤንዛይም ማለት በሕያው ነገር ውስጥ የሚደረገውን የኬሚካል ለውጥ እያፋጠነ ራሱ ግን የማያልቅ ፕሮቲን ነው። ጠላ ሲጠመቅ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በውስጡ ባሉት ኤንዛይሞች ነው።

ሁለት ሚቶኮንድሪያዎች ሲገናኙ የውጭ ሽፋናቸውን ሚቶፊውሲን፣ የውስጡን ደግሞ ኦፒኤ 1 የተባሉት ኤንዛይሞች ያዋሕዱታል፤ አንዱም የጎደለውን ከሌላው ይካፈላል። የመቁረጡን ሥራ የያዘው ዲአርፒ 1 ነው። ይኸውም በሚቶኮንድሪያው ወገብ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ፣ ጂቲፒ የተባለውን ኃይል ሰጪ ቅንጣት እየሰነጠቀ ያጠብቃል፤ ወገቡም ቀጥኖ ይበጠሳል።

ሕዋሱ ምግብ ሲያጣ የሚሆነው እጅግ ያስደንቃል። በረኀብ ጊዜ ሕዋስ የራሱን ክፍሎች እያፈረሰ ይመገባል። በ2011 ዓ.ም. የታተሙ ምርምሮች እንዳስረዱት፣ ያን ጊዜ ፕሮቲን ኪናዝ ኤ የተባለ ኤንዛይም በዲአርፒ 1 ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ቆራጩም ከሚቶኮንድሪያው ርቆ ይቆያል። መዋሐዱ ግን ስለማይቋረጥ ሚቶኮንድሪያዎቹ ይረዝማሉ፤ የረዘሙትም ከመበላት ይድናሉ። ለራብ ተብሎ ምድጃው አይፈርስምና!

ወደ ጉዞው እንለፍ። ከኅብለ ሰረሰር እስከ እግር የሚዘረጋው የነርቭ ሕዋስ ክንድ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ኃይልም እስከ ጫፉ ድረስ መድረስ አለበት። ሚቶኮንድሪያውን ወደ ጫፍ የሚጎትተው ኪኔሲን ነው፤ እርሱም በ1985 ዓ.ም. ስኩዊድ ከተባለው የባሕር እንስሳ ነርቭ የተገኘ ኤንዛይም ነው። አንድ ኤቲፒ በሰነጠቀ ቁጥር 8 ናኖሜትር ይራመዳል። በዚህ ስሌት ለአንድ ሜትር 125 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። የመልሱን መንገድ ዳይኒን የተባለው ይይዛል።

ማቆሚያም አለው። ስኳር በበዛበት ስፍራ ኦጂቲ የተባለ ኤንዛይም፣ ሚቶኮንድሪያውን ከጎታቹ ጋር በሚያያይዘው ሚልተን በተባለ ፕሮቲን ላይ የስኳር ቅንጣት ይለጥፋል፤ ጉዞውም ይገታል። ነጋዴ ደኅና ገበያ ሲያገኝ ጭነቱን እንደሚያራግፍ ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ሲናጋ ጉዳቱ ከባድ ነው። በ2000 ዓ.ም. እንደ ታወቀው፣ ኦፒኤ 1ን የሚያሠራው የዘር ትእዛዝ የተበላሸበት ሰው የዓይኑ ነርቭ እየመነመነ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ የሚቶፊውሲን 2 ብልሽት ሻርኮ ማሪ ቱዝ ከተባለው የነርቭ በሽታ ዓይነቶች የአንዱ ምክንያት መሆኑ ተደረሰበት። በዚህ በሽታ አስቀድመው የሚደክሙት እግሮች ናቸው፤ ነርቮቻቸው ከሁሉ የረዘሙ ናቸውና።

ፒንክ 1 እና ፓርኪን የተባሉት ኤንዛይሞች በበኩላቸው የተበላሸውን ሚቶኮንድሪያ ለይተው፣ ከጎታቹ ጋር ያገናኘውን ሚሮ የተባለ ፕሮቲን በማስወገድ ባለበት ያቆሙታል፤ ቀጥሎም እንዲፈርስ ያደርጉታል። እነዚህ ሁለቱ በትውልድ የጎደሉባቸው ሰዎች፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠውና አካል የሚያዘገየው የፓርኪንሰን በሽታ ከእርጅና አስቀድሞ ይይዛቸዋል።