አክሲዮን ለሚገዛ ቤተ ሰብ የሚረዱ መጻሕፍት

በጋሞ ደጋ፤ በዶርዜ አገር፤ የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ከሚማረው ነገር አንዱ የሸማን ዋጋ ማወቅ ነው። ድሩና ማጉ በስንት እንደ ተገዛ፤ ስንት ቀንም በጉድጓዱ ተቀምጦ እንደ ሠራው ያውቃልና፤ ገዢ የጠራውን ዋጋ ሁሉ አሜን ብሎ አይቀበልም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ የመግዣው መነሻ 33 አክሲዮን ነበረ። ሽያጩም በስልክ ስለ ነበረ፤ በአርባ ምንጭ ሙዝ ሸጦ 9,900 ብር ያጠራቀመ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሳይደክም ባለ አክሲዮን ለመሆን ይችል ነበር። ጥቂት ቆይቶም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ የወጋገን ባንክ አክሲዮን በመጀመሪያ ተመዘገበ። እንዲህ ያለው ገንዘብ ግን በብዙ ቤት የዕቁብ ዕጣ ወይም የልጅ ትምህርት መክፈያ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከሣጥናቸው ከማውጣታቸው አስቀድሞ ምን ቢያነቡ እንደሚበጅ ለመግለጽ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው ቤንጃሚን ግሬአም በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ኢንተሊጀንት ኢንቬስተር» የተባለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ1929 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያው በወደቀ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የከሰረ ሰው ስለሆነ፤ የሚጽፈው እየተጠነቀቀ ነው። ገበያን በየቀኑ ከደጃችን መጥቶ አንድ ቀን በደስታ እጅግ ከፍ ያለ፤ ሌላ ቀን በሐዘን እጅግ የወረደ ዋጋ በሚጠራ ጠባየ ተለዋዋጭ ሸሪክ ይመስለዋል። የድርጅቱን ሀብትና ዕዳ፤ የየዓመቱንም ትርፍ መርምሮ ዋጋውን ለራሱ የገመተ ሰው፤ ይህ ሸሪክ ቢጮኽም አይደነግጥም። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ምዕራፍ ቢሰማ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለንም።

ዋጋን በሥዕል ስለ መከታተል ደግሞ ኤድዋርድስና ማጊ በ1948 እ.ኤ.አ. የጻፉት «ቴክኒካል አናሊሲስ ኦፍ ስቶክ ትሬንድስ» የታወቀ ነው። ስቲቭ ኒሰንም በ1991 እ.ኤ.አ. የጃፓን የሩዝ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የሻማ ሥዕል ለምዕራባውያን አስረድቷል። እያንዳንዱ ሻማ የአንድን ቀን የመክፈቻና የመዝጊያ፤ የከፍተኛና የዝቅተኛ ዋጋ ያሳያል። ሆኖም በርተን ማልኪል በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኤ ራንደም ዎክ ዳውን ዎል ስትሪት» በተባለው መጽሐፉ ይህን ጥበብ አጥብቆ ይነቅፋል፤ ዓይኑ የታሰረ ጦጣ የመረጠው አክሲዮን ሊቃውንት ከመረጡት አያንስም እስከ ማለት ይደርሳል። አነጋገሩ የበዛ ቢመስልም፤ ሁለቱን ወገን አንብቦ መፍረድ መልካም ነው።

እኛ ግን ለጊዜው ሥዕሉን አናስቀድምም። ሥዕል የሚናገረው የብዙ ዓመት ግብይትና ብዙ ገዢ ሲኖር ነው። የእኛ ገበያ ገና ሕፃን ስለሆነ፤ ለሠርግ ገንዘብ የቸገረው አንድ ሻጭ ብቻውን መሥመሩን ቁልቁል ሊስበው ይችላል። ይልቁንም ድርጅቱ ለገዢዎች ያወጣውን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ይሻላል። ይህን ገበያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 1248/2013 በአማርኛ ስለሚገኝ፤ እርሱም ከመግለጫው ጋር ይታይ።

መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች፤ ማታ ማታ ከእራት በኋላ እየተረጎመ እንዲያነብላቸው ቢያደርጉ ለእርሱም ለእነርሱም ትምህርት ይሆናል። ጊዜ ለሚያጥረው ቤት፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ከታረመው የግሬአም መጽሐፍ ምዕራፍ 8ና ምዕራፍ 20 ይበቃሉ።