ስጦታን በክብር ስለ መስጠት
የወይዘሮ ኩሊጅና የፍራንክ ብሪጅ ደብዳቤዎች

ባለጠጋ ለጥበብ ሰው ገንዘብ መስጠቱ በየአገሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተቀባዩን ክብር ሳያዋርድ፥ እጁንም ሳያስር የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም። ለዚህም የአሜሪካዊቱ ወይዘሮ ኤልዛቤጥ ስፕሬግ ኩሊጅና የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የፍራንክ ብሪጅ ወዳጅነት መልካም ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ኩሊጅ በ1864 በሺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምግብ ሸቀጥ በጅምላ የሚነግዱ ባለጠጋ ነበሩ። እሳቸውም ፒያኖ መምታትን ደኅና አድርገው ተምረዋል። በ1915 አባታቸውና ሐኪሙ ባለቤታቸው፥ በተከታዩም ዓመት እናታቸው ስለ ሞቱባቸው፥ ሐዘናቸውን በመልካም ሥራ ሊያስታግሡ ቈርጠው የወረሱትን ሀብት ለሙዚቃ አዋሉት። ከሁሉም አብልጠው የወደዱት በሦስትና በአራት ባለሙያዎች ብቻ የሚደረገውን፥ ልብን ሰብስቦ ለማዳመጥ የተሠራውን ረቂቅ ሙዚቃ ነው። ለዚሁም በ1918 በፒትስፊልድ ከተማ ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል አቋቋሙ፤ በ1925 ደግሞ በዋሺንግተን በሚገኘው በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አዳራሽ አሠርተው፥ ሥራው እንዳይቋረጥ ቋሚ ገንዘብ መደቡለት።

ፍራንክ ብሪጅ በ1879 በብራይተን ተወለደ። ኑሮውን የሚያገኘው ቪዮላ በመምታት፥ የሙዚቃ ጓድ በመምራትና በማስተማር ስለ ነበረ፥ ለድርሰት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነበር። በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሥራውን አሰማ። ከዚያም ወዲህ ወይዘሮዋ በየዓመቱ ገንዘብ ይረዱት ጀመር፤ እስከ ዕድሜውም ፍጻሜ ድረስ አልተለዩትም።

ቁም ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። ብሪጅ ጊዜ ባገኘ ጊዜ የጻፈው ሰው የለመደውን ጣፋጭ ዜማ አልነበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርሰቱ እየጠጠረና እየጠለቀ ሄደ፤ ከአገሩም ተቺዎች ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት። በዚህን ጊዜ ገንዘብ ሰጪው «እንደ ቀድሞህ ጻፍ» ቢለው ማን ይፈርድበት ነበር? ወይዘሮ ኩሊጅ ግን ርዳታቸውን በእንዲህ ያለ ውል አላሰሩትም። ብሪጅም ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች በ1926 የጻፈውን ሦስተኛውን፥ በ1937ም የጻፈውን አራተኛውን ድርሰት ለስማቸው መታሰቢያ አደረገ። ይህም አራተኛው በማግሥቱ ዓመት በፒትስፊልድ ተሰማ።

በውቅያኖስ የተለያዩ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ወዳጅነቱን ያጸናው ደብዳቤ ነው። ብሪጅ የሚጽፍላቸው ደጅ ጠኚ ለጌታው አቤቱታ እንደሚያቀርብ ሆኖ ሳይሆን፥ ስለ ሥራውና ስለ ኑሮው እንደሚነግር ወዳጅ ሆኖ ነው።

ብሪጅ በጥር 1941 ሞተ። በዚያው ዓመት ወይዘሮዋ በልጅነቱ ከብሪጅ ዘንድ ድርሰት ለተማረው ለቤንጃሚን ብሪተን አዲስ ሥራ አዘዙት፤ ከዚያም የብሪተን የመጀመሪያው ቁጥር ያለው የአራት ባለ አውታር ድርሰት ተወለደ። ስለዚህ ለመምህሩ የተዘረጋው እጅ ለደቀ መዝሙሩም ተረፈ። ወይዘሮ ኩሊጅ በ1953 ዐረፉ፤ ደብዳቤዎቹም ራሳቸው አዳራሽ ባሠሩለት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።