አቡጊዳ፦ ሽምደዳን የሚያጋልጥ ገበታ

በ44ቱ የጎንደር አድባራት ጥላ ሥር ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን ቢያንበለብልም የኔታ ወዲያው አያምኑትም። ዜማውን ብቻ ይዞ ይሆናላ! ስለዚህ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚቀየር ዓይኑ ካልለየ አፉ አያድነውም። እናንተ ዕጩ መምህራን «የምርመራ ምዘና» የምትሉት ይኸው ነው፤ ማርክ ለመስጠት ሳይሆን ተማሪው የት እንደተሰናከለ ለማወቅ የሚደረግ ፍተሻ። «አቡጊዳ» የሚለውን ስምማ የቋንቋ ምሁሩ ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ተውሰው እንደ ግእዝ ፊደል ላለ ጽሕፈት ሁሉ መጠሪያ አድርገውታል።

ለማስተማር ልምምድ ደባርቅ ወይም ዳባት ስትመደቡ፣ እናንተም ሽምደዳውን ለመለየት የአንደኛ ክፍል ልጆችን የፊደል ገበታውን ከታች ወደ ላይ አስነብቧቸው። ማን የት ላይ እንደሚቆም መዝግቡ።