የወለድ መጠንና የዋጋ ግሽበት፦ የቴይለር ደንብ ምን ይላል?

የዋጋ ግሽበት የሸቀጦችና የአገልግሎቶች አጠቃላይ ዋጋ በተከታታይ ማሻቀብ ነው። ማዕከላዊ ባንኮች ይህን ለመግታት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ወለድ ነው። ወለድ ሲጨምር መበደር ይወደዳል፤ ብድር ሲቀንስ የገበያው ፍላጎት ይቀዘቅዛል፤ የዋጋ ጭማሪውም ይረግባል። ጥያቄው ግን ወለዱ ምን ያህል ይጨመር የሚለው ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀላል ቀመር አቀረቡ። በቀመሩ መሠረት በግሽበቱ መጠን ላይ 2 ይደመራል። ከዚያም ግሽበቱ ከታለመው 2 በመቶ የራቀበት ልዩነት ግማሽ፣ እንዲሁም የአገሪቱ ምርት ከአቅሟ የበለጠበት ወይም ያነሰበት መቶኛ ግማሽ ይታሰባል። ምርት ከአቅም ጋር እኩል ነው እንበል። ግሽበቱ 2 በመቶ ሲሆን ወለዱ 4 በመቶ ይሆናል፤ ግሽበቱ 5 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 8.5 በመቶ።

የደንቡ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ግሽበቱ በ3 ነጥብ ሲጨምር ወለዱ በ4.5 ነጥብ ጨምሯል። ወለዱ በ2 ነጥብ ብቻ ጨምሮ 6 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ ግሽበቱ ሲቀነስለት የተበዳሪው እውነተኛ ወጪ ከ2 ወደ 1 በመቶ ይወርድ ነበር። ወለድ የጨመረ መስሎ ብድር ረከሰ ማለት ነው፤ ይህም ግሽበቱን ያባብሰዋል።

የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ አስረጂ ነው። ክላሪዳ፣ ጋሊና ገርትለር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1979 በፊት የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን የሚጨምረው ከግሽበቱ ባነሰ መጠን እንደነበረ አሳይተዋል። ፖል ቮልከር በ1979 ባንኩን መምራት ከጀመሩ በኋላ ግን ወለዱ በእጅጉ ናረ። በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ የነበረው ግሽበት በ1983 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር።

ደንቡ ጉድለት አለው። የአንድ አገር የማምረት አቅም በግምት እንጂ በቀጥታ አይለካም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ከአቅሟ በእጅጉ በታች እንደምታመርት ይገመት ነበር፤ በኋላ የታረመው መረጃ ግን ክፍተቱ ያን ያህል ሰፊ እንዳልነበረ አረጋግጧል። በተሳሳተ ግምት የተሞላ ቀመር የተሳሳተ ወለድ ይሰጣል። ስለሆነም ማዕከላዊ ባንኮች ደንቡን የውሳኔያቸው ማመሳከሪያ ያደርጉታል እንጂ ውሳኔውን ለቀመሩ አይተዉለትም።