ጉበት ሲዘገይ ፊኛ ይከፍላል

በ1895 እ.ኤ.አ. ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም ፉክሲን የሚባለውን ቀይ የጨርቅ ቀለም ከሚያመርቱ ሠራተኞች መካከል 3ቱ በሽንት ፊኛ ካንሰር መያዛቸውን አስታወቀ። ሰበቡ ከሥራቸው እንደሚመጣ ጠርጥሮ ነበር፤ አልተሳሳተም። አሮማቲክ አሚን የተባሉት የቀለም ፋብሪካ ኬሚካሎች ፊኛን እንደሚመርዙ ውሎ አድሮ ተረጋገጠ። አንድ ጥያቄ ግን ለብዙ ጊዜ መልስ አጣ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያንኑ አየር ሲስቡ ከኖሩ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው በጤና ጡረታ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ፍንጩ የመጣው ከቲቢ ሕክምና ነው። በ1952 አይሶኒያዚድ ሥራ ላይ ሲውል መድኃኒቱ ከአንዳንዱ ሰው ደም ቶሎ እንደሚጠፋ፣ በሌላው ግን እንደሚቆይ ታየ። ዴቪድ ፕራይስ ኢቫንስና ባልደረቦቹ ቤተሰቦችን መርምረው በ1960 ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳዩ። የሚወስነው ኤንኤቲ2 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው፤ ከእናትም ከአባትም ደካማውን የጂን ቅጂ የወረሰ ሰው ኢንዛይሙ ቢሠራም ይዘገያል። ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ዘገምተኛ ሆኖ ተገኝቷል። አይሶኒያዚድ የሚወስድ ታማሚ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚታዘዝለት እጅና እግሩ እንዳይደነዝዝና እንዳያቃጥለው ነው፤ ይህ ጉዳት ይበልጥ የሚያሰጋው ዘገምተኞቹን ነው።

ወደ ቀለም ሠራተኛው እንመለስ። በሳንባው ወይም በቆዳው የገባው አሮማቲክ አሚን ጉበት ሲደርስ ሁለት ኢንዛይሞች ይሻሙበታል። ኤንኤቲ2 ከቀደመ አሴቲል የተባለ ቅንጣት ይለጥፍበትና መርዙን ያበርደዋል። ሲዋይፒ1ኤ2 የተባለው ከቀደመ ግን ኦክስጅን ጨምሮበት ያከፋዋል። የከፋው ኬሚካል በደም ተጉዞ፣ በኩላሊት አልፎ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽንት አሲድነቱ ሲጨምር ኬሚካሉ ይፈርስና ከፊኛው ግድግዳ ሕዋሳት ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። ሽንት እዚያ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሠራተኛውም በማግስቱ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ኤንኤቲ2 ሲዘገይ እንግዲህ ለተቀናቃኙ የሚተርፈው መርዝ ይበዛል፤ የሚጎዳው ግን ጉበት ሳይሆን ፊኛ ነው።

በ1982 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። በሃደርስፊልድ ከተማ በቀለም ኢንዱስትሪ ሠርተው የፊኛ ካንሰር ከያዛቸው 23 ሰዎች 22ቱ ዘገምተኞች ነበሩ። ከአካባቢው ሕዝብ ዘገምተኛው 57 በመቶ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የሚደነግጥ አንባቢ ይኖራል። ዘገምተኛ መሆን ግን በሽታ አይደለም። በ2005 የታተመ ትልቅ የስፔን ጥናት የዘገምተኞችን ተጋላጭነት 1.4 እጥፍ ሆኖ አገኘው፤ ጎልቶ የታየውም አጫሾች ላይ ነው። ጨርሶ አጭሰው የማያውቁት ላይ ልዩነቱ አልታየም። የትምባሆ ጭስ እነዚያኑ አሮማቲክ አሚኖች ስለሚይዝ ፋብሪካ ረግጦ የማያውቅ ሰውም በሲጋራ ያገኛቸዋል። መርዙ ካልገባ ጂኑ ብቻውን የሚያመጣው የለም ማለት ይቻላል።

የበለጠ የሚያስገርመው ሌላ ነው። በ1993 በታተመ ጥናት ቤንዚዲን በሚባል አሮማቲክ አሚን የሠሩ ቻይናውያን ሲመረመሩ ዘገምተኞቹ የተለየ አደጋ አልታየባቸውም። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ቤንዚዲን ላይ አሴቲል መለጠፉ ራሱ መርዙን ከሚያነቁት እርከኖች አንዱ ነው። ለአንዱ ኬሚካል ጋሻ የሆነው ኢንዛይም ለሌላው ጋሻ አይሆንም።

ሠራተኞች በጂናቸው ተመርጠው ይቀጠሩ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ለአንዱ ኬሚካል የተመረጠ ሠራተኛ ለሌላው ያለ መከላከያ ይቀርባል፤ መርዙም ካለበት አይነቃነቅም። የሚሻለው መርዙን ከሥራ ቦታው ማውጣት ነው። ብሪታንያ በ1967 ባወጣችው ደንብ ቤታ ናፍታይላሚን የተባለውን አሮማቲክ አሚንም ቤንዚዲንንም ማምረትና መጠቀም ከልክላለች፤ የሃደርስፊልዱ ጥናት ከመታተሙ 15 ዓመት በፊት።