ችግኙን የሚያሳድገው ተካዩ ሳይሆን እረኛው ነው

ሐምሌ ሲገባ ሁላችንም የምናየው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፦ ቦቲ ጫማ፣ አካፋ፣ ጭቃ፣ ከፊት ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ችግኝ ይዘው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ነገሩ የክረምት በዓል ሆኗል። ከፎቶው ጋር ጠብ የለንም። የምንጠይቀው ግን ያ ችግኝ ጥር ላይ የት ደረሰ? የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ችግኝ እንዴት እንደሚሞት እንይ። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ዝናብ መስከረም አካባቢ ያበቃል። ሐምሌ መግቢያ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ለመስደድ ሁለት ወር ገደማ ያገኛል፤ ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ግን ገና ሳይለምድ ፀሐይ ይመጣበታል። ከዚያ ህዳርና ታህሳስ ላይ እህሉ ይሰበሰብና ከብቱ ማሳው ላይ ይለቀቃል። ልቅ ግጦሽ የሚባለው ይሄ ነው። ሳሩ ደርቋል፣ ቆሞ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ያቺ ችግኝ ብቻ ናት። ፍየል ደግሞ ለአረንጓዴ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ታዲያ በዚያች ሰዓት ከፍየሏ ጋር ማን አለ? ከንቲባውም፣ ባለሙያውም፣ የኤንጂኦ መኪናም የለም። ያለው ዱላ የያዘ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። የችግኟን ዕድል የሚወስነው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ቦታ ተራራው «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ይባልና ይከለላል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ደንብ ያወጣል፤ ከብቱ ክልሉ ውስጥ የተገኘ ሰው ይቀጣል። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ይሠራልም። ግን ስብሰባው ላይ የተቀመጡት አባወራዎች ናቸው፤ ደንቡን ተሸክሞ ሜዳ የሚውለው ልጅ ነው። ትናንት የሚያግድበት ቦታ ዛሬ ተዘግቷል፣ ወዴት እንደሚሄድ የነገረው የለም። ከብቱ ካመለጠው አባትየው ገንዘብ ይቀጣል፣ ማታ ደግሞ ልጁ በተራው አባቱ ጋር ይቀጣል። እንዲህ ሆኖ ያ ልጅ ተራራውን እንዲወደው መጠበቅ ከባድ ነው! ከመከለሉ በፊት መኖው የት እንደሚገኝ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ከተከለለው ቦታ ሳሩን አጭዶ ቤት ድረስ ማምጣት አንዱ መንገድ ነው። እንዲህ ሲሆን የእረኛው ውሎ ያጥራል፣ ትምህርት ቤት የመሄዱም ነገር ይቀላል።

በዚህ መንገድ የተሳካለት አለ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አካባቢ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ልቅ ግጦሽን አስቁማ፣ ተራራውን ከልላ፣ ውሃውን እንዲሰርግ አድርጋ የጉድጓድ ውሃዋ ቀርቦላታል። በፈረንጆቹ 2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው ለዚህ ነበር። ወላይታ ሁምቦ ላይ ደግሞ ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራ ሲያገግም ብዙው ዛፍ የመጣው ከችግኝ አልነበረም፤ ካልሞተ ጉቶ ነው። ጉቶው ራሱ ያቆጠቁጣል፣ የሚፈልገው አለመበላትና አለመቆረጥ ብቻ ነው።

ወደ ደቡብ ጎንደር እንምጣ። እዚያ ከሩቅ ስታዩ ሜዳው እርሻ ነው፤ መሀል መሀሉን ክብ ክብ ሆነው የቀሩት ጥቅጥቅ ያሉ ደኖች የቤተክርስቲያን ናቸው። ሰው ዛፉን አይነካም። ከብት ግን ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ይገባና ከሥር የበቀለውን ሕፃን ዛፍ ይረግጣል፣ ይበላል። ትልልቆቹ አርጅተው ሲወድቁ ተተኪ የለም ማለት ነው። ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ሆነው ያመጡት መፍትሔ በጣም ቀላል ነው፦ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ የተለቀመው ከማሳ ላይ ስለሆነ ገበሬው መሬቱ ጸዳለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። እኛ ይሄን ነገር የምንወደው ማንንም «ተው» ሳይል ስለሚሠራ ነው።

እነዚህ ደኖች ሌላም ጥቅም አላቸው። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይቆይም፤ እናት ዛፉ ከጠፋች ዘሩም አብሮ ይጠፋል። ዘር መልቀም ደግሞ የልጆች ሥራ ነው፤ ማንም ሳያስተምራቸው ሲሠሩት የኖሩት። ዋንዛን እንውሰድ። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ይጣፍጣል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ልጆች ሥጋውን በልተው ዘሩን እንትፍ ይሉታል። ያን ዘር ሰብስቦ የትምህርት ቤት ጓሮ ላይ መደብ ማውጣት፣ ማፍላት፣ ከዚያ ማን የተሻለ እንዳበቀለ መወዳደር ይቻላል። ከዘር ጀምሮ ያሳደገው ልጅና አንድ ቀን በአይሱዙ መጥቶ የተከለው ልጅ ለዛፉ አንድ ዓይነት ስሜት አይኖራቸውም።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ሲተከል ፕላስቲኩ መውለቅ አለበት፤ ካልወጣ ሥሩ እዚያው ይጠቀለላል። የወለቀው ፕላስቲክ ደግሞ ተሰብስቦ ይመለስ፣ ሜዳው ላይ አይበተን። በበጋ ባዶ ሃይላንድ ታችኛውን ክፍል በመርፌ በስቶ ችግኙ ሥር ግማሹን መቅበርና ውሃ መሙላት ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። ለአንድ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ዛፍ ይበቃዋል። አምሳ ከሰጣችሁት እንክብካቤ መሆኑ ይቀርና የጉልበት ሥራ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የባለቤትነት ነገር ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ውሃ ያጠጣው ዛፍ የማን ነው? ፍሬው ማን ይበላዋል? ጊሽጣም ይሁን ዘይቱን ከመትከላችን በፊት ይሄን ለልጆቹ በግልጽ መንገር አለብን። ካልነገርናቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ልክም ናቸው።

እናንተ ጋ ባለፈው ክረምት የተተከለው እንዴት ሆነ? በዚያ ሰፈር ከብት የሚያግድ ልጅ ካለ እሱን ጠይቁትና የነገራችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልን።